በሰው ሙሽራ ትከሻ በኩል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናፈሻችንን ያየ ሰው ከተማው በሙሉ ተመካክሮ በአንድ ቀን የሚጋባ ይመስለዋል። ከበሩ እስከ ኩሬው ድረስ ቬሎ በቬሎ ነው። አንዷ ሙሽራ ከድልድይዋ ሳትወርድ ሌላዋ ቀሚሷን ሰብስባ ከታች ትጠብቃለች። ሚዜዎች ይምታታሉ፣ አበባ ይቀያየራል፣ አንድ ጊዜማ አንድ የተደናገጠ ሙሽራ የሌላ ሰው ሚስት እጅ ይዞ ደረጃውን ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እኛ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ግርግር መሃል፣ ሁለቱ ብቻቸውን በገነት ውስጥ የቆሙ የሚያስመስል ፎቶ አውጥተን ማስረከብ አለብን። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማንንም የማይጎዳ ውሸት ስለሆነ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ የሙያችን የመጀመሪያ ሕግ የሰው ሰርግ በፎቶሽ ውስጥ አይግባ የሚል ነው። አንድ ዓይናችን ሙሽሮቹን ሲያይ ሌላው ከኋላ የሚያልፈውን ይጠብቃል። የባዕድ ቬሎ ጫፍ ብቅ ካለ ጣታችን ሳናዘው ይቆማል። አምልጦን የገባ ካለም ስቱዲዮ ተቀምጠን በኮምፒውተር እናጠፋዋለን። እኔ በዕድሜዬ ያጠፋሁት ሰው ቢሰበሰብ ሌላ መናፈሻ ይሞላል።

ሁለተኛው ሕግ የእኛ ሳይሆን የመናፈሻው አስተዳደር ነው። ለአንድ ሰርግ አንድ ፈቃድ፣ በአንድ ፈቃድ ላይ አንድ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ በላይ ካሜራ ይዞ የመጣ በር ላይ ያስቀምጣል። ፈቃዱን ለማግኘት በሥራ ቀን መጥቶ ከቢሮው መስኮት ሥር መሰለፍ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እሳቸው ከስብሰባ ሲወጡ የማህተሙን ቁልፍ የያዘችው ልጅ ስብሰባ ትገባለች። በዚያ ሰልፍ ላይ ያልሰማሁት ሐሜት የለም፤ ያሉኝን ጓደኞች ያፈራሁትም እዚያው ቆሜ ነው።

በር ላይ የሚቆመውን ጥበቃ «ማህተም» እንለዋለን። ፈቃድ ሲሰጡት ስም አያነብም፣ ቀን አያይም፤ ወረቀቱን ወደ ሰማይ አንስቶ መጀመሪያ ማህተሙን ይመረምራል። ስንት ዓመት ያየውን ሰው ትናንት እንደተወለደ አድርጎ «ፈቃድ» ይላል። ሲስቅ አየሁት የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ወደ ጋሽ ጥላ ልምጣ። ጋሽ የምንለው በዕድሜ ስለሚበልጠን ነው፣ አንተ የምንለው ደግሞ ስለለመድነው። ጥላ ያልነው ከትልቁ ዛፍ ሥር ካልሆነ ካሜራውን ከቦርሳው ስለማያወጣ ነው። ፊት የሚያምረው በጥላ ነው ብሎ ያምናል። እኔ ደግሞ ፀሐይ ነው የምወደው፤ ሙሽራዬን ደረጃው ላይ አውጥቼ ጀርባዋን ለፀሐይ አሰጥቼ ፀጉሯ ዙሪያውን ሲበራ ካላየሁ የሠራሁ አይመስለኝም። ለዚህም ነው «ፀሐይቱ» ብሎ ስም ያወጣልኝ፣ ስሙም እንደ ሙጫ የተጣበቀብኝ።

«ያንቺ ሙሽሮች ሁሌ ተጠብሰው ነው የሚወጡት» ይለኛል።

«ያንተዎቹ ደግሞ ገና ከጓዳ የወጡ ይመስላሉ» እለዋለሁ።

እንዲህ እየተባባልን አርጅተናል። እሱ ታሞ የቀረ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አፌን ሲበላኝ ውዬ እቤቴ ገብቼ ባሌን ያለ ጥፋቱ ተጣልቼዋለሁ።

ይህ ሰው አንድ ጉድ አለበት። ጠዋት ማታ ሰውን «ትከሻ ለቀቅ፣ እስትንፋስ ሳብ፣ ፈገግ» የሚል ሰው ካሜራ ወደ እሱ ሲዞር ድንጋይ ይሆናል። አንገቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከንፈሩ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ የመናፈሻው ፎቶ አንሺዎች ተሰብስበን ፎቶ ተነስተን ነበር፤ ሁላችንም ስንስቅ እሱ ብቻ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው መስሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌንስ ወደ እሱ ሲዞር ካየ የራሱን ካሜራ አንስቶ ፊቱን ይሸፍናል። ስልክም ቢሆን ያው ነው።

ልጁ ለሰርጓ ጥቂት ቀን ሲቀራት ስቱዲዮዬ መጣች። ዛፉ ሥር ካደገችበት ጊዜ ጀምሮ ስለማውቃት እትዬ ነው የምትለኝ። መብራት ማስተካከያው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቀፈች።

«እትዬ፣ ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት።»

«አስቸግሪ። አባትሽ ሲያስቸግረኝ ኖሮ የለ።»

«እቤታችን ስንት ፎቶ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል? ሳሎኑ ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። ጥርስ ሳወጣ አለ፣ ጥርሴ ሲወልቅ አለ፣ ስመረቅ አለ። አባዬ ግን የትም የለም። የራሱ ሰርግ ፎቶ ላይ እንኳ ፊቱ የመታወቂያ ነው።»

«ታዲያ በሰርግሽ ሌላ ሰው ያንሳ በይዋ።»

«ብዬዋለሁ። ትናንት ሄዶ ፈቃዱን በራሱ ስም አውጥቶ መጣ። እኔ ቆሜ ልጄን ሌላ ሰው ሲያበላሽብኝ አላይም አለ።» ፈራ ተባ አለችና ጨመረች፦ «በስምሽ እንዲያወጣ ለምኜው ነበር።»

«ምን አለ?»

«ልጄን አላስጠብስም አለ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ግን ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በእጇ መዳፍ ጠረገች።

«ቆንጆ ፎቶ አጥቼ አይደለም እትዬ። ቆንጆ ፎቶ ሞልቶኛል። አባቴ እኔን ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚመስል ነው የምፈልገው። ሁሌ በካሜራ ውስጥ ነው የሚያየኝ። የባሌ ሥራ ደግሞ ሩቅ ነው፣ በሰርጉ ማግስት እንሄዳለን። እዚያ ሄጄ እናቴን ስናፍቅ ፎቶዋን አያለሁ። እሱን ስናፍቅ ምኑን ልይ?»

አንጀቴን በላችው። ሳላስበው «ለእኔ ተይው» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። እሷ እንደወጣች ምን ነክቶኝ ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ። እሱ በሚያነሳው ሰርግ ላይ እኔ ካሜራ ይዤ መግባት አልችልም። እንግዶቹም ስልክ እንዳያወጡ ያስጠነቅቃል፤ «ስልክ ካየሁ ካሜራዬን አጥፌ እቀመጣለሁ» ማለት በሁሉም ሰርግ ላይ የሚያስፈራራበት ነው። ሰርቄ ላንሳው ብል ማህተም አለ።

መላው የመጣልኝ ማታ ሳይሆን በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ከአንድ ሰርግ ጀርባ አንድ ወፍራም አጎት ሳጠፋ ነው። አጎትዬው የእኔ ሰርግ እድምተኛ አይደለም። ከድልድይዋ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ እየሳቀ ነው፤ ሰው እያነሳው እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህም ከሙሽሮቼ ይልቅ እሱ አምሮበታል። እጄን በአፌ ጫንኩ። የመናፈሻው ደንብ ከሙሽራሽ ኋላ ማን ይለፍ ማን አይለፍ አይልም። ያንን የምንለው እኛ ነን። ቅዳሜ ለእኔም የራሴ ሙሽራ፣ የራሴ ፈቃድ አለኝ። ጋሽ ጥላ ደግሞ ዛፉ ሥር እንደሚሆን ፀሐይ እንደምትወጣ ያህል የታወቀ ነው።

ለሁለት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ ሩጫ ነው፤ እኛ ቦርሳ ሳንከፍት እሱ ሰርጉን ጨርሶ የሚሄድ። ሌላው ድሮን ነው። በአንድ ወቅት ድሮን ገዝቶ መጥቶ ነበር፤ ማህተም በመጀመሪያው ቀን ስለወሰደበት የቀረለት ስሙ ብቻ ነው። ሩጫ ከድልድይዋ፣ ድሮን ከአበባው መደብ፣ እኔ ከደረጃው ሆነን የየራሳችንን ሙሽሮች ዛፉ ከኋላ እንዲታይ አድርገን እናቆማለን ተባባልን። ነገሩ እንደ ውሃ መጠጣት ቀለለን።

ቅዳሜ ደረሰ። ለሙሽራዬ እውነቱን ነገርኳት፤ የሰው ቀን መስረቅ አልወድም። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ዛፉን ዞራ አየችው።

«የእኔ አባት በሕይወት የለም» አለች። «ታዲያ ትከሻዬን ወዴት ላዙረው?»

ባሏም ደረጃውን አንድ እርከን ወረደላት።

ካሜራዬን አነሳሁ። በሙሽራዬ ትከሻ በኩል ዛፉ፣ ከዛፉ ሥር ጋሽ ጥላ፣ ከፊቱ ልጁ በነጭ ልብስ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። የሰው ቬሎ አይቶ እንዲቆም ስንት ዘመን ያስተማርኩት ጣት ዛሬ ቬሎው ገብቶ ሳለ እንዲጫን ሳዘው ድርቅ ብሎ ቀረ። እንደምንም ታግዬ ስጫነው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ያነሳኋቸውን ባያቸው፣ በሁሉም ላይ ጋሽ ጥላ በፊቱ ቦታ ካሜራ አለው። ለካስ ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አያወርድም።

ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማኛል። «ሙሽራዋ፣ አገጭ ዝቅ። ሙሽራው፣ ጠጋ በል፣ ሻንጣ አይደለም የያዝከው። ሙሽራዋ፣ እኔን እንዳታዪ፣ ባልሽን እዪ።» የገዛ ልጁን ቀኑን ሙሉ ሙሽራዋ እያለ ነው የዋለው፣ ከመንገድ የመጣች ደንበኛ ይመስል። ልጅቷ የታዘዘችውን ታደርጋለች፤ በየመሃሉ ግን ዓይኗ እኔ ወዳለሁበት ደረጃ ይሸሻል።

ሩጫ እያለከለከ መጣ። «እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «ከኋላ ሳያቸው እስኪያልፉ ጠበቅኩ። ከልማድ ነው፣ ማርያምን!»

«ድሮንስ?»

ወደ አበባው መደብ ዞር ስንል ድሮን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ዛፉ ይጣራል። «ጋሽዬ፣ ፎቶዬ ውስጥ ገባችሁብኝ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በሉልኝ!» ጋሽ ጥላም ለሙያው ክብር ያለው ሰው ስለሆነ ሰርጉን በሙሉ ይዞ ወደ ግራ ጠጋ አለለት። ድሮን ምን እንዳደረገ የገባው እኛን ሲያይ ነው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አበባው መሃል ቁጢጥ አለ።

ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ልቆጣ? የዛፉ ተራ ሊያልቅ ነው። ሌላ ሰርግ ከኋላቸው ተሰልፎ ሚዜዎቹ ሰዓት እያዩ ነው። ከዚያ ወዲያ እነጋሽ ጥላ ወደ አዳራሽ ይሄዳሉ፣ ነገ ልጅቷ ትሄዳለች፣ እኔም «ለእኔ ተይው» ያልኩትን ይዤ እቀራለሁ። ይህ ሰው ካሜራውን የሚያወርደው ምን ሲሆን ነው ብዬ አሰብኩ። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ኮቱን ካሜራው ላይ ጥሎ ማንሳቱን ይቀጥላል። በመናፈሻው ውስጥ ሁላችንንም ካሜራ የሚያስወርድ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ሙሽሮቼን ይቅርታ ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ጋሽ ጥላን ፈቃድ ጠይቀው» አልኩት ማህተምን።

«ጠይቄዋለሁ። ሲገባ አሳይቶኛል።»

«ድጋሚ ጠይቀው።»

«ችግር አለበት?»

«ምንም ችግር የለበትም። ንጹሕ ፈቃድ ነው።»

ግንባሩን ቋጠረ። በሥራው ላይ የሚቀለድበት መስሎት ነው። ምንም አማራጭ ስላልነበረኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ልጅቷ ምን እንዳለችኝ፣ ነገ እንደምትሄድ፣ እኛ ምን ብለን ምን እንዳበላሸን። ሲሰማኝ ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ስጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ፣ መልሶ አደረገ።

«ደንቡ ላይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባለፈቃዱ በማንኛውም ጊዜ ሲጠየቅ የማሳየት ግዴታ አለበት ይላል።»

«ይላል?»

«በማንኛውም ጊዜ» አለና ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ሄደ።

እኔ ደረጃው ላይ ተመልሼ ሙሽራዬን ሳቆም ማህተም ዛፉ ሥር ደርሶ ነበር። «ፈቃድ» ሲል ሰማሁት።

«ምን ነካህ አንተ? አሁን በር ላይ አላየኸውም?» አለ ጋሽ ጥላ፣ ካሜራው እንደተነሳ።

«ፈቃድ።»

«ተራዬ እያለቀ ነው እኮ!»

«ፈቃዱን ያሳዩ» አለ ማህተም። አንቱ ብሎት የማያውቅ ሰው አንቱ ሲለው ነገሩ የምር እንደሆነ ጋሽ ጥላ ገባው። ካሜራውን አወረደ። ወረቀቱ የት እንደገባ ግን ጠፋው፣ ኪሱን ለመፈተሽ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ካሜራውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ መሬት ላይም አያስቀምጥም። ግራ ቀኝ አየና ማንገቻውን ከአንገቱ አውልቆ ቅርቡ በነበረው ሰው አንገት ላይ አጠለቀው። ቅርቡ የነበረችው ልጁ ናት።

ኪሱን መገልበጥ ጀመረ። ባትሪ ወጣ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ወጣ፣ የፀጉር ሽቦ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ነጭ ክር ከነመርፌው፣ ላብ መጥረጊያ ሶፍት፣ ከረሜላ። የሰው ሙሽራ ቀሚሷ ቢተረተር፣ ፀጉሯ ቢፈታ፣ ራስ ቢያዞራት ብሎ ዓመት እስከ ዓመት ተሸክሞት የሚዞረው ነው። አንድ በአንድ እያወጣ ልጁ መዳፍ ላይ ያስቀምጣል፤ መዳፏ ሞላ።

«ይሄ ሁሉ መርፌ ቁልፍ ለማነው አባዬ?» አለችው።

«ለሙሽሮች ነዋ» አለ ኪሱን እየዳበሰ።

«ዛሬ እኮ ሙሽራዋ እኔ ነኝ።»

ቀና አለ። ማህተም ትንፋሹን ውጦ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ልጅቷ የያዘችውን ሁሉ ለባሏ አስረከበችና የአባቷን ክራባት ያዘች። ጠዋት አሳምሮ ያሰረው ክራባት በካሜራው ማንገቻ ተጎትቶ ከጆሮው ሥር ደርሶ ነበር። እሷ ወደ ቦታው ስትመልሰው እሱ እጁን አውርዶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ዝም ብሎ ቆመላት። ከዚያ ወደ ታች አያት። በመሃላቸው ምንም አልነበረም፤ ካሜራውም እሷ ደረት ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ በሌንሱ ውስጥ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ትከሻው ለቀቀ፣ አፉ ትንሽ ተከፈተ፣ ዓይኑ ውሃ ሞላ፣ ግን ሊጠርገው እንኳ አላሰበም። እንዲህ ያለ ፊት እንዳለው በዚያ ሁሉ ዘመን አላወቅኩም ነበር።

«ልጄ» ነው ያለው።

ጣቴ አልተለመነም። እኔም፣ ሩጫም፣ ድሮንም እኩል ነው የተጫንነው። ዓይኔን እንባ ስለሞላው ምን እንዳነሳሁ አላየሁም፣ ብቻ ደጋግሜ ተጫንኩት።

ሰው የካሜራ ድምፅ ከሩቅ አይሰማም ይላል። ጋሽ ጥላ ይሰማል። ጆሮው ቆመ፤ ወደ ድልድይዋ፣ ወደ አበባው፣ በመጨረሻም ወደ ደረጃው ዞረ። ወዲያው ፊቱ ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። መጣሁልሽ ብሎ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ፀሐይቱ» አለ፣ «ከጥላ ውስጥ ነን እኮ። ብርሃኑን ጨምረሻል?»

«ጨምሬያለሁ።»

«እሺ» አለና ወረቀቱን ከኋላ ኪሱ አውጥቶ ለማህተም ሰጠው። ማህተምም ወረቀቱን ወደ ሰማይ አነሳ፣ ከወትሮው አስረዝሞ መረመረ፣ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ መለሰለት። ጋሽ ጥላ ካሜራውን ከልጁ አንገት ላይ ወሰደ። «ሙሽራዋ» ብሎ ጀመረና አቆመ። «ልጄ፣ አገጭ ዝቅ» አለ።

ያን ዕለት ካነሳናቸው ውስጥ የሩጫው ተንቀሳቅሷል፤ ቸኩሎ ነው። በድሮን ፎቶ ላይ አንድ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ የማህተምን አፍንጫ ሸፍኖታል። የእኔ ደህና ነበር። ፊት ለፊት የሙሽራዬ ትከሻ ደብዝዞ ግማሹን ይዞታል፤ በትከሻዋ በኩል ደግሞ አባትየው አንገቱን ሰጥቶ ቆሟል፣ ልጅቷ ክራባቱን ይዛለች። በልማድ ትከሻውን ላጠፋው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩና እጄ ተመለሰ። ያች ልጅ ትከሻዋን የሰጠችን አውቃ ነው። እንዳለ አትሜ ከመሄዷ በፊት አደረስኩላት። አንድ ለሙሽራዬም ላክሁላት፤ ራሷ ጠይቃኝ ነው።

ጋሽ ጥላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለፎቶው አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ዛሬም ልትጠብሻቸው ነው?» አለኝ፣ «ጓዳህ ግባ» አልኩት፣ ሥራችንን ቀጠልን። በሆዴ ግን ቅር አለኝ። ሰውዬውን በልጁ ሰርግ አሳልፌ ሰጥቼው ይሆን እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ።

ወራት አልፈው ልጅቷ ለእረፍት መጣች። ያን ቅዳሜ የእኔ ሰርግ ማታ ስለነበር ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሌንሴን እጠርጋለሁ። ቀና ስል ጋሽ ጥላ፣ ሚስቱ፣ ልጁና አማቹ ለብሰው፣ ተበጥረው በበሩ ገቡ። ጋሽ ጥላ አንገቱ ላይ ካሜራ የለም። ያለ ካሜራ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ወንድሙ መሰለኝ።

ማህተም አስቆማቸው። «ፈቃድ።»

ጋሽ ጥላ ወረቀቱን አቀበለው። ማህተም ማህተሙን መረመረ፤ ከዚያ ያልተለመደ ነገር አደረገ፣ ጽሑፉን አነበበ። አንብቦ እኔን አየኝ።

«ፎቶ አንሺ በሚለው ላይ ፀሐይቱ ይላል» አለ።

«ነዋ» አለ ጋሽ ጥላ።

«ደንቡ ሙሉ ስም ነው የሚለው።»

ጋሽ ጥላ አንገቱን አከከ። ስንት ዘመን ስንጨቃጨቅ ኖረን እውነተኛ ስሜን አያውቀውም። ያን ሁሉ ሰልፍ ተሰልፎ፣ መስኮቱ ጋ ደርሶ ስም ሲጠይቁት የመጣለትን ያስጻፈ መሆኑ ታየኝና ልስቅም ላለቅስም አማረኝ። ማህተም ወረቀቱን ደግሞ ወደ ሰማይ አነሳው።

«ሙሉ ነው» አለና አሳለፋቸው።

ካሜራዬን ይዤ ወደ ዛፉ መራመድ ስጀምር ጋሽ ጥላ እጄን ያዘኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጥላህ ወዳለበት ነዋ።»

«ፀሐዩ ላይ ይሁን» አለ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ። «ያንቺ እንደሆነ ይታወቅ።»

ደረጃው ላይ ወጡ። ሚስቱ በቀኝ፣ አማቹ ከኋላ፣ ልጁ በግራው ቆማ ክንዱን ያዘች። እሱ መሃል ላይ ነው፤ አንገቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ከንፈሩ ተጣብቋል፣ ከጆሮው ሥር ላብ ይወርዳል። ልጁ ቀና ብላ አየችውና ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ትከሻው ላይ ደበቀች። ሩጫና ድሮን ሙሽሮቻቸውን ጥለው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ፈገግ በል እንጂ» አልኩት።

«እየሳቅኩ እኮ ነው» አለኝ።